ትርሲት ኮምፒውተር የገዛች ዕለት

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነበር፤ 1989 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። የኔሰውን የሰደበው ሰው ሣህለ ማርያም ይባላል። ቦታው ሞጣ፣ የጋሽ ዳምጤ ሬዲዮ መጠገኛ ቤት። የኔሰው ይህን ለመናገር ማሰብ አያስፈልገውም። የገዛ ልጁ የተወለደችበትን ቀን ሲጠይቁት እንኳ ቆም ብሎ በጣቱ ይቆጥራል።

ሁለቱም ጋሽ ዳምጤ ዘንድ ይሠሩ ነበር። ሣህለ ማርያም አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ የኔሰው ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ የቀረ። የዚያን ዕለት አንድ አስተማሪ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ይዘው መጡ። ሣህለ ማርያም የሬዲዮውን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እንግሊዝኛውን እያነበበ ጣቱን ከመስመር መስመር ያንሸራትታል። የኔሰው ግን የሬዲዮውን ጀርባ ከፍቶ ሆድ ዕቃውን በጣቱ ጀርባ ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ "እዚህ ጋ ነው፤ ይሄ ከልክ በላይ ይሞቃል" አለ። ሣህለ ማርያም ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም።

"ተዉት እሱን። የኔሰው በእጁ እንጂ በጭንቅላቱ አያስብም። ይህን ወረቀት ዘቅዝቃችሁ ብትሰጡት ለሱ ያው ነው።"

አስተማሪው ሳቁ። ባትሪ ልትገዛ የቆመች ሴትም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ይህ እንኳ ባልከፋ። ጋሽ ዳምጤም ከመነጽራቸው ሥር ፈገግ አሉ።

ብልሽቱ የተገኘው የኔሰው ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ነበር። ያንን የሚያነሣለት ግን የለም። በሳምንቱ ዕቃውን በከረጢት ጠቅልሎ ቢቸና ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞጣን በመኪና መስኮት ካልሆነ አላያትም።

ዛሬ ግን ከልጁ ጋር ሞጣ መናኸሪያ ወረደ።

ትርሲት ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተር ላይ የእግር ኳስ ጌም እየተጫወተች፣ ጨዋታውን ራሷ እየተረከች በኢንተርኔት በቀጥታ ታስተላልፋለች። ሰው ያያታል። የኔሰው መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም ነበር። ጌም የሚጫወት ሰው ማየት ምን ይባላል? አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ቆሞ ሰማት፤ ድምፅዋ ኳሱ ወደ ጎል ሲጠጋ እየፈጠነ፣ ሲርቅ እየረገበ ሲሄድ፣ እሷ ያደገችበት የቢቸናው ሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። እሑድ ከሰዓት ኳስ በሬዲዮ ሲተላለፍ የጠገናቸውን ሬዲዮዎች ሁሉ ባንዴ ይከፍታቸው ነበር፤ ለመሞከር ነው ይላል እንጂ ደስ ስለሚለው ነው። ገበሬው በቅሎውን ደጁ ላይ አስሮ፣ ተማሪው ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይቆማል። እሷ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ፣ የሽቦ ማጠንጠኛ እንደ ማይክ አፏ ላይ ይዛ ጋዜጠኛውን ትከተለዋለች። ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው ከጠፋ ቆየ። የሽቦ ማጠንጠኛው ግን አሁንም አለ።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተሯን ያቃጠለው እሱ ነው።

ቢቸና ውስጥ እነሱ ሰፈር ወፍጮ ሲዞር መብራት ይደክማል። ስለዚህ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ የኔሰው በገዛ እጁ ሽቦ የጠመጠመው ትራንስፎርመር አለው፤ ማዞሪያው በእጅ ነው። ወፍጮው ሲነሣ ከፍ፣ ሲያቆም ዝቅ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የወፍጮው ድምፅ ሲሞት በየቤቱ አንድ እጅ ወደ ማዞሪያው ይሄዳል፤ ለሰፈሩ ይህን ያስተማረ እሱ ነው። ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ስታብላይዘር ሰው ሲያመጣበት "ቆርቆሮ ነው" እያለ ይመልስ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ትርሲት በቀጥታ እያስተላለፈች ሳለ ማዞሪያውን እሱ ሊጠብቅላት ቃል ገብቶ፣ ደጅ ወጥቶ ከአንድ ሰው ጋር ወሬ ያዘ። ወፍጮው ቆመ። እሱ አልሰማም። ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆረጠ፤ ሲገባ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

ለሚያዩዋት ሰዎች በስልኳ "መብራት ነው" ብላ ጻፈች። ለእሱም እንዲሁ አለችው። ማዞሪያው ግን ከፍ እንዳለ ነበር፤ ሁለቱም አይተውታል።

አሁን ከአዲስ አበባ ሰዎች ደውለው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚጀመር የጌም ውድድር እንድታስተላልፍላቸው ጠይቀዋታል። ማሽን ከሌላት ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። የሁለት ዓመት ቁጠባዋን ከባንክ አውጥታለች። ይሄኛው ከተቃጠለ ሌላ የለም። መንገዱ ክፍት መሆኑ እንደተሰማ ነው የተነሡት። ከደብረ ወርቅ እስከ ጉንደ ወይን ድረስ ስልኳ ላይ እያሳየች ስታስረዳው መጣች፤ አንጎሉ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ይህን ይሠራል፤ ስዕል የሚሠራው ካርድ ያንን ይሠራል። ጉንደ ወይን ሲደርሱ ገብቶታል፤ አልገባኝም ማለትን ግን መረጠ፣ ድምፅዋን ለመስማት።

ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅ ጋ ሲደርሱ የኔሰው ቆመ። የቤቱ ፊት በመስታወት ተሠርቷል፣ ከላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። የበሩ መቃን ግን ያው ነው። ጋሽ ዳምጤ የተጠገኑ ሬዲዮዎችን የሚሰቅሉበት ወፍራም ምስማር ከነጉብጠቱ አለ።

"ሌላ ሱቅ የለም?" አላት።

"የለም፣ አባዬ። ካርዱ ያለው እኚህ ባለ ሱቅ ጋ ብቻ ነው። በቴሌግራም ተነጋግረን ጨርሰናል። ምነው?"

"ምንም።"

ባለ ሱቁ ሣህለ ማርያም ነበር፤ ሸብቷል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ከሥሩ ያያል፤ ቁርጥ ጋሽ ዳምጤን። አንድ ሴት ፎቶ ኮፒ እያስነሳች ነበር። የኔሰውን ሲያይ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ትቶ መጣ።

"የኔሰው! የኔሰው አይደለህም?" ብሎ ትከሻውን ያዘው። የኔሰውም ትከሻውን ሰጠው፤ እንደ ግንድ አድርጎ ነው የሰጠው። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ተባባሉ። ሣህለ ማርያም ትርሲትን ልጅህ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ስትተርክ እንዳያት፣ የሱ ልጅ መሆኗን ግን እንዳላወቀ ነገራት። ከዚያ ዕቃውን መደርደር ጀመረ።

የመረጠላት ፕሮሰሰር ባለ አሥራ ሁለት ኮር ነው። ጌሙም ይፈልገዋል አለ፤ ምስሉን ጨምቆ በኢንተርኔት የሚልከውም እሱ ስለሆነ በትንሹ የሚሆን አይደለም። ካርዱ፣ ራሙ፣ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ከኬዙ፣ ከሳጥኑ፣ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ እሱን አታስቢ አላት።

የኔሰው ያን ጊዜ ነው እጁን የዘረጋው። ፓወር ሰፕላዩን አነሣና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ዐይኑን ጨፈነ።

"ይሄ ባዶ ነው" አለ።

"ምን ማለትህ ነው? ስድስት መቶ ዋት ተጽፎበታል እኮ።"

"ጽሑፉን የለጠፈው ሰው ነው። ውስጡ መዳብ የሚያስገባው ሌላ ሰው ነው። ይሄ አልገባለትም።"

"ብዙ ሸጫለሁ፣ የኔሰው። ተመልሶ የመጣ የለም።"

"ሞጣ ላይ ይሆናል። ቢቸና ወፍጮ አለ።"

ሣህለ ማርያም ሳቅ አለና፣ ገንዘቡ ለፕሮሰሰሩ ቢውል እንደሚሻል፣ ፓወር ሰፕላይ በኋላም እንደሚቀየር ነገረው። ትርሲት ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። የኔሰው ዕቃውን አላስቀመጠም።

"እንዲህ ያስፈራህ ምንድን ነው?" አለ ሣህለ ማርያም። "ለመሆኑ የመጀመሪያው እንዴት ተቃጠለ?"

"መብራት ነው" አለች ትርሲት ቶሎ ብላ።

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ መሥራቱን አቆመ። ሴትዮዋ ወረቀቷን እየቆጠረች ነበር። የኔሰው ባትሪ ልትገዛ የመጣችዋን ሴት አሰበ፤ የቆመችውም እዚያው ቦታ ላይ ነበር። እሺ ብሎ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ልጁ መንገዱን ጠርጋ ሰጥታዋለች።

"መብራት አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ትራንስፎርመሩን ከፍ አድርጌ፣ ወፍጮው ሲቆም ማውረድ ረሳሁ።"

ሳቁን ጠበቀ። አሁን ይመጣል ብሎ አንገቱን አደነደነ። ሴትዮዋ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ትርሲት መሬት መሬት አየች። ሣህለ ማርያም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ጓዳ ገባ። ሲመለስ አንድ ካርቶን ይዟል።

"ይሄን ለራሴ ነበር ያስቀመጥኩት። እስቲ እየው።"

የኔሰው መዘነው። ክንዱ ዝቅ አለ።

"ይሄ ዕቃ ነው።"

"ግን ይወደዳል። ራሱ የሚያስተካክል ስታብላይዘርም ከጨመራችሁበት ፕሮሰሰሩን አትችሉትም።"

የኔሰው በልቡ አንድ ጥያቄ ነበረው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው ሰውን የሚያስቅበት፤ ያውቀዋል።

"ካርዱ ስዕሉን የሚሠራው እሱ አይደል?" አለ በመጨረሻ። "እሱ የሠራውን እሱው ጨምቆ መላክ አይችልም? ለምን ለሌላ ያቀብለዋል?"

ትርሲት ቀና አለች። "ይችላል፣ አባዬ። ካርዱ ለዚያ የራሱ ክፍል አለው። አንብቤዋለሁ፤ እሳቸው ትልቁን ፕሮሰሰር ሲሉ ጊዜ ነው የተውኩት።"

ሣህለ ማርያም ጆሮውን አከከ። "ይችላል" አለ። "አዎ፣ ይችላል። እንዲያውም ደህና አድርጎ ይሠራዋል። ሰው ትልቅ ቁጥር ሲያይ ደስ ስለሚለው እኔም ለመድኩት።"

"እንግዲያው ባለ ስድስት ኮሩ ይበቃኛል" አለች ትርሲት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "ስታብላይዘሩስ?"

የኔሰው መደርደሪያው ላይ ያለውን አየ። ቆርቆሮ ነው ብሎ የመለሰው ዓይነት ነው፤ ራሱ ከፍ፣ ራሱ ዝቅ።

"ውሰጂው" አለ።

መግጠም ሲጀመር ሣህለ ማርያም ማዘርቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፕሮሰሰሩን ከሳጥኑ አወጣ። ጣቱ ተንቀጠቀጠ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ሠራተኛው ለቀብር ገጠር መሄዱን፣ ስኳሩ ከጀመረው ወዲህ እጁ እንዲህ መሆኑን እንደ ቀላል ነገር አነሣ።

"አንተ አስቀምጠው" አለው። "ጥጉ ላይ የወርቅ ምልክት አለች፣ ከዚህች ጋር ታገናኛታለህ። እንዳትጫነው፤ ከተገናኘ ራሱ ይገባል።"

የኔሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ያዘው። ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጥ ነገር፣ የልጁ ሁለት ዓመት ጠርዙ ላይ በሁለት ጣቱ ተንጠልጥሏል። ምልክቷን ከምልክቷ አገናኘ። ለቀቀው። ምንም ድምፅ ሳያሰማ ቦታው ገባ።

ያን ጊዜ ቤቱ እንደ ድሮው ሸተተው፤ የቀለጠ እርሳስ፣ ጋዝ፣ የጋሽ ዳምጤ ካፖርት። ክረምት ላይ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠጋግተው፣ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ማንም ሳይናገር እጅ ከእጅ ዕቃ ይቀባበሉ ነበር። መፍቻ ማለት አያስፈልግም፤ እጅህን ስትዘረጋ መፍቻው ይመጣል። አሁንም እጁን ሲዘረጋ ሣህለ ማርያም ብሎኑን መዳፉ ላይ አኖረለት። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገጠሙ። ትርሲት አዝራሩን ስትጫነው ማሽኑ ተነሣ፤ የኔሰው በጣቱ ጀርባ ዳበሰው። ለብ ይላል፤ የሚያስፈራ አይደለም።

ሒሳቡ ተከፈለ። ትርሲት ስታብላይዘሩን ይዛ መኪናው እንዳያመልጣቸው ቀድማ ወጣች። የኔሰው ወደ ካርቶኑ ሲያጎነብስ ሣህለ ማርያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"የኔሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ጋሽ ዳምጤ እስኪሞቱ ድረስ ይጠይቁኝ ነበር። 'ያን ልጅ ምን አስቀየመው? እንደሱ ያለ እጅ ከየት አገኛለሁ?' ይላሉ። ምን ሆነህ ነው ጥለኸን የሄድከው?"

የኔሰው ቀና ብሎ ፊቱን አየው። ተንኮል ፈለገበት። የለም። ሰውዬው ጭራሽ አያስታውስም።

መልሱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የኅዳር ሚካኤል ማግሥት። ዓርብ። አራት ሰዓት። ወረቀቱ፣ አስተማሪው፣ ባትሪ ልትገዛ የመጣችዋ ሴት። አፉ ድረስ መጣ። ግን ከጀመረው የመጨረሻውንም መናገር ሊኖርበት ነው፤ ጋሽ ዳምጤ ፈገግ ማለታቸውን። ያ ፈገግታ ለማን እንደነበር እስከ ዛሬ ጠዋት ያውቅ ነበር። በስድቡ ነው ፈገግ ያሉት ወይስ የእሱ ጣት ብልሽቱ ላይ በማረፉ? አሁን እርግጠኛ አይደለም። የሚጠየቁት ሰውም የሉም።

ካርቶኑን ትከሻው ላይ አወጣ። ሣህለ ማርያም መልሱን እየጠበቀ በሩን ከፈተለት። የኔሰው ምስማሩ እንዳይነካው ጎንበስ ብሎ መቃኑን አለፈና፣ ወደ ኋላ ሳይዞር የልጁን መንገድ ተከትሎ ወደ መናኸሪያው ሄደ።