ያልታየው ሦስተኛ ገቢር

ላማራ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ስትተረጉም ኖራለች። ከጀርመንኛ ወደ ጆርጂያኛ የመለሰቻቸው ተውኔቶች በትብሊሲ መድረኮች ሲታዩ ስሟ ከማስታወቂያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ ቅር ብሏት አያውቅም። የራሷን ተውኔት የጻፈችው ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ ስለ ታናሽ ወንድሟ ስለ ማሙካ። ማሙካ ለሱኩሚ ጦርነት ዘምቶ በዚያው ቀረ፤ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም። በተውኔቱ ሦስተኛ ገቢር ላይ ግን ከነጭቃው እናቱ ቤት ይገባና የትኞቹ የጦር አለቆች ጥለውት እንደሸሹ በስማቸው እየጠራ ይናገራል።

ለምረቃው አንድ ወር ሲቀር ቲያትር ቤቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት። ራማዝ ይባላል፤ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ላማራን ቢሮው ጠርቶ ተውኔቱን ካመሰገነ በኋላ ሦስተኛው ገቢር ከተውኔቱ ይውጣ አላት። ጊዜው አይደለም አለ። እምቢ ብላው ወጣች።

በማግስቱ ኤልጉጃ ቤቷ መጣ። የትርጉሞቿን ዋና ገጸ ባሕርያት ሲጫወት ያረጀ ወዳጇ ነው። ያመጣውን ወይን ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ራማዝን የተቃወሙ ሁለት ተዋንያን በጠዋቱ መባረራቸውን ነገራት።

«እምቢ ብለሽ ተውኔቱን ከመድረክ ካስቀረሽው ሁላችንንም ያባርረናል» አለ። «ተዋናይቷ ናቴላ እርጉዝ ናት። እኔንስ በዚህ ዕድሜዬ ማን መድረክ ላይ ያወጣኛል፣ ላማራዬ?»

ገቢሩ እንዲቀር ተስማምታ ፈረመች።

ለእናቷ ለወይዘሮ ቬኔራ ግን መንገር አቃታት። አሮጊቷ ልጃቸው መድረክ ላይ እንደሚገባ ከሰሙ ጀምሮ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አውጥተው ሰቅለዋል። ላማራ በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ ትልና ቀሚሱን ስታይ ወኔዋ ይከዳታል።

እሑድ ከሰዓት ተውኔቱ ተመረቀ። ሁለተኛው ገቢር ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሰው ሁሉ ቆመ። ወይዘሮ ቬኔራ ብቻ ከፊተኛው ረድፍ ሳይነሱ መድረኩ ላይ ያለውን በር ይመለከታሉ።

«ተነሽ እማዬ፣ አልቋል።»

«ቆይ እንጂ፣ ማሙካ አልገባም።»

«አይገባም።»

«ማን ከለከለው?»

የራማዝ ስም ከአፏ ሊወጣ ደረሰና ተወችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ሦስተኛው ገቢር እንዲቀር ፈረምኩ።»

እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺም?» አሉ።

ኤልጉጃ ከመድረክ ሆኖ ደራሲዋ ትውጣልን እያለ እጁን ዘረጋ፤ ላማራ ከመቀመጫዋ አልተንቀሳቀሰችም። ወይዘሮ ቬኔራ ክንዷን አልይዝ ብለው በወንበሮቹ ጀርባ እየተደገፉ ወጡ።

በነጋታው ስሜ ከማስታወቂያው ይፋቅ ብላ ጠየቀች። ራማዝም አስፋቀው። ተውኔቱ ዓመቱን ሙሉ ሰው እየሞላ ታየ። እሷም ወደ ትርጉሟ ተመለሰች። እናቷ ያቀረበችላቸውን ይበላሉ፤ ስለ መድኃኒታቸውና ስለ ብርዱ ያወሯታል፤ ከዚያ አያልፉም። አንድ ቀን ሦስተኛውን ገቢር አምጥታ አጠገባቸው ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ወይዘሮ ቬኔራ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉት። ላማራ ግን ድምፅዋ እየተዋጠም እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበች።