ቀብር ያልመጣው ባለዕዳ

ናሲሞ የአቶ ኃይለየሱስን ድምፅ ከውስጥ ሆና ለየችው። የለቅሶው ድንኳን ከቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ስለተተከለ የወንዶቹ ወሬ ሁሉ በመስኮቱ ይገባል። ሰውየው የሟች ባሏን የሉቅማንን ሎደር፣ አፈር መዛቂያ ማሽኑን፣ የተከራየው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። አላህ ያጽናችሁ ብሎ ጥቂት ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሟቹን ወንድም አብዲቃድርን ያናግረው ጀመር። በቀብሩ ላይ አውፍ ተብሏል፣ ዕዳው ይቅር መባሉን ሕዝብ ሰምቷል፤ እንግዲህ የነገው ችሎት ቢቀርስ፣ ለሉቅማንም ዕረፍት አይሆንም ወይ፣ አለው።

ናሲሞ ከፍራሹ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች። ሴት ቀብር ስለማትወጣ የተባለውን አልሰማችም። ጎረቤቷ ኢዲል ጆሮዋ ሥር ሆና ነገረቻት። ሼኹ እንደ ወጉ፣ ሉቅማን የበደለው ካለ አውፍ ይበለው ብለው ጠየቁ። ሰዉም አውፍ አለ። ይሄኔ አብዲቃድር እያለቀሰ እጁን አነሳና፣ እኛም የወንድሜ ዕዳ ያለበትን ሁሉ አውፍ ብለናል፣ አለ። አይ አብዲቃድር! ሆዱ ሲባባ የሌለውንም ይሰጣል፣ ድሮም እንዲሁ ነው።

ያቺን ሎደር ሉቅማን የገዛት ናሲሞ ወርቋን ቀፊራ ገበያ አውጥታ ሸጣ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጎርፍ በጀልዴሳ መንገድ ላይ የደፋውን አሸዋ ሊያስጠርግበት ተከራያት። ኪራዩ ነገ ዛሬ ሲባል ቀረ። ይባስ ብሎ ሉቅማን የዒድ ሶላት ላይ እያለ የራሳቸውን ሾፌር አስቀምጠው ያለ ዘይት ነዷት፣ ሞተሯን አቃጠሉት። ሉቅማን ኪራዩንም ጉዳቱንም ይክፈሉኝ ብሎ ከሰሰ።

ሎደሯ እዚያው መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። እሱ ግን በየማለዳው ጨርቁን ይዞ፣ ዘበኛውን ለምኖ እየገባ መስተዋቷን ይወለውላል። ሞተሩ ለሞተ ማሽን ምን ያለፋሃል ስትለው፣ «አቧራ ከለበሰች የተረሳች ይመስላቸዋል» ይላታል። የሞተ ቀንም ከዚያው ግቢ ነው የተደወለላት። መሰላሏ ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ ጨርቁ በእጁ ነበር።

ጠበቃቸው ፍቅርአዲስ ጠዋት መጥታ ነበር። ነገ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀርቦ፣ ሉቅማን ሞቷል፣ ክሱን ወራሾቹ እንቀጥላለን ካላለ መዝገቡ ይዘጋል ብላለች። ናሲሞ ዒዳ ላይ ናት፣ የባሏ ሐዘን ወራት እስኪሞላ ከቤት አትወጣም። ልጆቹ ገና ሕፃናት ናቸው። ያለው አብዲቃድር ብቻ ነው።

አስጠራችው። መጥቶ በር ላይ ቆመና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«መቃብር ፊት የተናገርኩትን ቃል ችሎት ቆሜ ልጠፈው?» አለ። «ሰው ምን ይለኛል አቦ?»

«አቶ ኃይለየሱስ እንደ ሰው ቀብር መጥቷል፤ እሱን እኔም አውፍ ብዬዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ግን መቼ መጣ? መቼ አለቀሰ? አንተ የራስህን አውፍ በል አብዲ። የእኔንና የየቲም ልጆቼን አትችልም።»

 አብዲቃድር ድንኳኑን ዞሮ አየ፣ እግሩን አየ። በዚህ ነጠላ ጫማ ችሎት አልገባም፣ አለ።

ናሲሞ የሉቅማንን ጫማ ከአልጋው ሥር አወጣች። የዚያ ግቢ አቧራ ገና አልተራገፈም። አብዲቃድር አጠለቀው፤ ሰፋው፣ ተረከዙ ወጣ ገባ አለ። አውልቅ አለችው።

ከባሏ አስከሬን ጋር የመጣውን ጨርቅ ከትራሷ ሥር ሳበች። አንዱን ጫማ ወለወለች፣ ሌላውንም ወለወለች።  ከዚያ ጨርቁን ለሁለት ቀደደችው፤ ግማሹን በአንዱ ጫማ፣ ግማሹን በሌላው ጫማ እስከ ጣቶቹ ድረስ ጠቀጠቀችና ጫፋቸውን ወደ ደጅ አዙራ ለነገ በሩ ሥር አስቀመጠቻቸው።