ከሠላሳኛው ርምጃ በፊት

አርያም የቼዝ ፈረሷን ወደ ሰሌዳው መሀል አስገብታ ሰዓቱን ተጫነችና እጇን ከጠረጴዛው ሥር ወደ ሆዷ ሰደደች። ግራ ጎኗን በመዳፏ ጫን አደረገችው። ከዚያ ቀኙን። ምንም የለም።

ከጠዋት ጀምሮ ምንም የለም።

ሠላሳ አራተኛ የእርግዝና ሳምንቷ ነው። ልጁ ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ስትል ጠብቆ ነበር የሚራገጠው፤ ትናንት በአራተኛው ዙር ጨዋታ ላይ ጠረጴዛው እስኪሰማው ድረስ ረግጧት ብቻዋን ፈገግ ብላ ነበር። ዛሬ በካልጋሪው ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ቤታቸው ቁርስ ስትበላ ዝም አለ። ባሏ ደርበው አየር ማረፊያው አጠገብ ውድድሩ ወዳለበት ሆቴል ሲያመጣትም ዝም እንዳለ ነበር። "ደህና ነሽ?" ሲላት "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነርቨስ ሆኜ ነው" ብላው ወረደች። እሱም ለኦቨርታይም ወደ ኦግደን፣ ወደሚሠራበት የባቡር ጥገና ግቢ ሄደ። ተኝቶ ይሆናል ብላ ነበር። አሁን ጨዋታው ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው።

ከፊቷ የተቀመጠችው ማርጎ ከሞንትሪያል የመጣች፣ አርባን ያለፈች ዝምተኛ ሴት ናት። ሁለት እጆቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ ሰሌዳው ላይ አፍጥጣለች። ለአንድ ርምጃ አሥር ደቂቃ ብትወስድ ደንታ የላትም። አርያም የርምጃ መመዝገቢያ ወረቀቷን አየች። ሃያ አንድ።

ሠላሳ ቢሆን ኖሮ አቻ ልትጠይቃት ትችል ነበር። በዚህ ውድድር ከሠላሳኛው ርምጃ በፊት ተስማምቶ አቻ መውጣት ክልክል ነው። ደንቡ የወጣው የተግባቡ ተጫዋቾች ግማሽ ግማሽ ነጥብ ተካፍለው በጊዜ እንዳይሄዱ ነው። አርያም ራሷ ደግ ደንብ ነው ብላ ስትከራከርለት ነበር። ዛሬ ግን የምትፈልገው ያንኑ ነው፤ ግማሿን ይዞ በጊዜ መሄድ።

ግማሿ ትበቃት ነበር። የሴቶቹ ዙር ከመስከረም እስከ ሰኔ በሰባት ከተሞች የሚካሄዱ ሰባት ውድድሮች አሉት። በእያንዳንዱ ውድድር ተጫዋቿ በወጣችበት ደረጃ ነጥብ ይሰጣታል፤ ከሰባቱ የተሻሉት አራቱ ብቻ ይደመሩላታል። ሰኔ ሲያልቅ ከላይ ያሉት ስምንቱ ኅዳር ላይ ለሚደረገው ሻምፒዮና ያልፋሉ፣ ዘጠነኛዋ ቤቷ ትቀመጣለች። ሐምሌ ሲገባ የሁሉም ነጥብ ዜሮ ይሆናል። አርያም ሁለት ዓመት በተከታታይ ዘጠነኛ ወጥታለች። ሌሎቹ የተበላሸባቸውን ውድድር መጣል ይችላሉ፤ እሷ ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ስታስመልስ ከርማ ሦስቱ ስላመለጧት የምትጥለው የላትም። ይሄ አራተኛዋም የመጨረሻዋም ነው። አቻ ከወጣች ስምንተኛ፣ ከተሸነፈች ዘጠነኛ።

በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሌላ ሥራ የላትም። ቼዝ ትጫወታለች፣ ቼዝ ታስተምራለች። ልጁ ከተወለደ በኋላ ሰባት ከተማ መዞር ለስንት ዓመት እንደማይሆንላት ታውቃለች።

ያም ሆኖ ሰሌዳውን እያየች የምታስበው ሮሚን ነበር። ሮሚ ከከተማው ወጣ ብላ ቸስተርሚር የምትኖር ጓደኛዋ ናት። ባለፈው ዓመት በስምንተኛ ወሯ ልጇ ሞተባት። ከወራት በኋላ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃት ነበር የነገረቻት። "ቀኑን ሙሉ ዝም አለኝ። ሆስፒታል ሄጄ ምንም ችግር የለም ቢሉኝ አፍራለሁ ብዬ፣ ትንሽ ልጠብቅ አልኩ።" ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አውርተው አያውቁም።

አርያም ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ያመጣችውን የፖም ጭማቂ በቁሟ ጠጣችው፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ያነቃዋል ሲባል ሰምታለች። ግድግዳውን ተደግፋ እስከ መቶ ቆጠረች። "እባክህ" አለች በሹክሹክታ። "አንዴ ብቻ።" እንደገና እስከ መቶ ቆጠረች። ከዚያ በሩን ገፍታ ወጣች።

አዳራሹ በር ላይ ጋሼ መኳንንት ቆመው ነበር። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ በካልጋሪ የቼዝ ውድድር ላይ በረዳት ዳኝነት የማይጠፉ ሰው ናቸው።

"ምነው ልጄ? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ጋሼ፣ ልጁ አይንቀሳቀስም።" ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ክንዷን ያዝ አደረጓት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጠዋት። ወይ ከዚያ በፊት፣ አላውቅም። ጨዋታውን ፖዝ ማድረግ ይቻላል? አንድ ደውዬ ልጠይቅና ልመለስ።"

"ሰዓቱ አይቆምም። ስልክም ያለ ፈቃድ ከከፈትሽ ጨዋታው አለቀ። ቆይ፣ ዋናዋን ዳኛ ልጠይቅልሽ።"

እስኪመለሱ ድረስ ከበሩ ላይ ማርጎን ታያት ነበር። ማርጎ ተጫውታ ሰዓቱን ተጭናዋለች፤ አሁን የሚሄደው የአርያም ጊዜ ነው። ጋሼ መኳንንት ስሟ የተጻፈበትን ፖስታ ይዘው መጡ፤ ስልኳ ውስጡ ነው።

"እኔ ባለሁበት፣ ስፒከር ላይ አድርገሽ ደውይ ብላለች።"

የጤና ምክር መስመሩ ላይ የወጣችው ነርስ ድምፅ የተረጋጋ ነበር። ስንተኛ ሳምንት ነሽ? መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማሽ? ደም አለ? ፈሳሽ? አርያም በአጭር በአጭሩ መለሰች።

"አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ" አለች ነርሷ። "አትጠብቂ።"

"ሠላሳ ደቂቃ ብቆይስ?"

"ለምን?" አለች ነርሷ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ስላልገባት ነው የጠየቀችው።

አርያም አመስግና ዘጋች፤ ስልኩን ለጋሼ መኳንንት መልሳ ሰጠች።

"መኪናዬ በር ላይ ናት" አሏት።

"ዘጠኝ ርምጃ ነው የቀረኝ፣ ጋሼ።"

ትኩር ብለው አዩዋት። እሷም ዞራ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

ሳትቀመጥ ወታደር ገፋች። ሃያ ሁለት። ማርጎ እንደ አጋጣሚ ፈጥና መለሰች። አርያም ግንቧን ወደ ጎን ወሰደች። ሃያ ሦስት። ሰሌዳው እኩል ነው፣ ማንም የሚሸነፍበት አይደለም፤ እንዲህ ከፈጠነች በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ማርጎ ግን እጆቿን ጉንጮቿ ላይ መልሳ ማሰብ ጀመረች። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። በአዳራሹ ውስጥ የሰዓቶቹ መጫን ብቻ ይሰማል። አርያም ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ሆዷም እንደ ዕቃ ከብዶ ተንጠልጥሏል። ለምን? ብላ የጠየቀችው ሴት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ደርበው ቢጠይቀኝ፣ ስምንተኛ ለመውጣት ብዬ ነው እላለሁ?

ሰዓቱን አቆመች።

"ተሸንፌያለሁ" አለች፣ እጇን ዘርግታ።

ማርጎ ሰሌዳውን አየች፣ እሷን አየች። "ምኑን? እዚህ ላይ?" ከዚያ የአርያም ሌላኛው እጅ የት እንዳለ አየችና ከወንበሯ ተነሣች። ጋሼ መኳንንት አጠገባቸው ደርሰዋል። "አቻ ይሁን" አለቻቸው ማርጎ። "እኔ እስማማለሁ። አቻ ጻፉት።"

ጋሼ መኳንንት ወረቀቱን ዝቅ ብለው አዩ። "ሃያ ሦስት ነው" አሉ፤ ቀና ብለው ማንንም አላዩም።

አርያም ሽንፈቷን ጽፋ ፈረመች።

በጋሼ መኳንንት መኪና መንገድ ላይ ሳሉ ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ መዝነብ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ አተር፣ ከዚያ እንደ እንቁላል። አሽከርካሪዎች መኪናቸውን ከድልድይ ሥር ለማስጠለል እየተሻሙ መንገዱን ዘጉት። አርያም ስልኳን ተቀብላ በዚያ ጩኸት መሀል ደርበው ጋ ደወለች።

"ሆስፒታል እየሄድኩ ነው።"

"ምን ሆንሽ? ደማሽ?"

"አይንቀሳቀስም።"

ከበስተኋላው የብረት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ በር ሲዘጋ ሰማች። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጠዋት።"

"ጠዋት ደህና ነኝ አላልሽኝም?"

የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ነገረችው።

"መጣሁ" አለ።

ጋሼ መኳንንት የቆሙትን መኪኖች በጠርዝ በኩል አልፈው ከድልድዩ ወጡ። የፊት መስታወቱ ላይ አንድ ትልቅ በረዶ ወድቆ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው።

"መኪናዎ፣ ጋሼ!"

"መስታወት ነው" አሉ። እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሡም።

ሆስፒታል ጠባብ ክፍል ውስጥ አስተኟት። ነርሷ ቀዝቃዛ ቅባት ሆዷ ላይ ቀብታ መሣሪያውን ማዞር ጀመረች። እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ቀስ ያለ ምት። አርያም በክርኗ ቀና አለች።

"እሱ ነው?"

"ይሄ ያንቺ ነው" አለች ነርሷ። መሣሪያውን አነሣችው፣ ወደ ታች አወረደችው፣ ወደ ጎን አደረገችው። ነፋስ ብቻ። አርያም ጣራው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች መቁጠር ጀመረች፤ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ጠፋባት፣ እንደገና ጀመረች። ሁለት ርምጃ ተጫውቻለሁ፣ ሂጂ ካሉኝ በኋላ ሁለት ርምጃ።

"እዚህ ነህ ለካ" አለች ነርሷ።

ፈጣን ነበር፤ ከእሷ ምት በእጥፍ የሚፈጥን፣ የሚጣደፍ ድምፅ። አርያም ፊቷን በክንዷ ሸፍና ጮክ ብላ አለቀሰች። ደርበው የሥራ ቦት ጫማውን እንዳደረገ፣ በረዶ የቀጠቀጠው ትከሻውን ይዞ ሲገባ ገና እያለቀሰች ነበር። ፊቷን አይቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

"አለ፣ አለ" አለችው ቶሎ ብላ። "ስማው።"

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ልቡን ሲከታተሉ ቆዩ። ምንም ችግር አላገኙም። ተኝቶ ይሆናል፣ ጀርባውን ወደ ፊት አዙሮም ይሆናል አሏት። ነርሷ ስትሸኛት፣ ዝም ያለ ሲመስላት በግራ ጎኗ ተኝታ እንቅስቃሴውን እንድትቆጥር ነገረቻት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስድስት ካልሞላ ትምጣ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ የጋሼ መኳንንት መልእክት ገባ። ውጤቱ ወጥቷል። ዘጠነኛ፣ በሁለት ነጥብ ተበልጣ። ማርጎ አልፋለች፤ ሦስት ጊዜ ስለ ልጁ ጠይቃቸዋለች።

አርያም ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው። "ተኝቶ ነበር" አለች። "ለተኛ ልጅ ነው ሻምፒዮናውን የሰጠሁት።"

"ተኝቶ መሆኑን ብታውቂ ትቀመጪ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔም ኦቨርታይሜን እጨርስ ነበር።"

ሊያስቃት ነበር፤ አልሳቀችም። "ደርቤ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ነርሷ በስልክ አሁኑኑ ሂጂ ብላኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ተመልሼ ሁለት ርምጃ ተጫወትኩ።"

ደርበው መኪናውን አላስነሣም። የጎማው ዳር ላይ ያልቀለጠው በረዶ ነጭ ሆኖ ይታያል።

"ስንት ቀርቶሽ ነበር?"

"ዘጠኝ።"

"እና ሰባቱን ትተሻል" አለ። ከዚያ ቁልፉን አዞረ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ተማሪ በኮምፒውተር እያስተማረች ሳለ እንደገና ዝም አለ። ትምህርቱን ቶሎ ጨርሳ በግራ ጎኗ ተኛችና ሰዓት ይዛ ቆጠረች። በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት። እሑድ በውድድሩ ቀን የያዛት ፍርሃት ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ መጣ፤ አሁን ግን ኀፍረት አብሮት አለ። ያቺው ኮሪደር፣ ምናልባት ያቺው ነርስ። በሦስት ቀን ሁለተኛ። ትንሽ ደግሞ ልቁጠር አለች በልቧ። አንድ ሰዓት ብቻ።

ተነሥታ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተች። ደርበው በዚህ ሳምንት የሌሊት ሺፍት ስለሆነ ተኝቷል። ትከሻውን ነቀነቀችው።

"ተነሣ፣ እንሂድ።"

"ምን ሆነ? እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ተነሣ።"

ሱሪውን እየጎተተ ቁልፍ ፍለጋ ሲሯሯጥ እሷ በሩ ላይ ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ አለች። ያኔ ከጎድን አጥንቷ ሥር መታት፤ ጠንካራ፣ የማያሻማ ምት። ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ደርበው ፊቷን አየ።

"መታሽ?"

"መታኝ።"

"ኡፍ!" ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። "እንግዲያው እንቅር? ትንሽ ጠብቀን እንየው?"

አርያም ሁለተኛውን ጫማዋን አጠለቀች።

"አራት ነው የቆጠርኩት" አለች። "ይሄ ከሁለቱ ሰዓት በኋላ የመጣ ነው።"

በሩን ከፍታ ወደ መኪናው ወረደች።