ጠፍቷል

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አንዲት ቃል ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እሷን እነግራችኋለሁ። ቀረብ በሉ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

ታናሽ ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ «ቀስ በሉ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ አምፖል ለመቀየር እንኳ ሦስት ጊዜ «ቀስ በሉ» ሳይል መሰላል አይወጣም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሦስታችንም አንድ ቤት ውስጥ ነበርን። ሞተር ያለው የስፌት መኪናዋ ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሬዲዮዬም አይሰማኝም። በየቀኑ ስነጫነጭባቸው ሰነበትኩ። በመጨረሻ ወንድሜ፣ «በቃ ጋሼ፣ መኪናውን ጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል እናወጣዋለን። መብራት እስብላታለሁ» አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው በእኔ ጆሮ ነው ማለት ነው።

ከቤቱ ግድግዳ እስከ ክፍሏ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ቦይ ቆፈረ። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ቀበረ፤ ነገ ማንም በዶማ እንዳይመታው ብሎ ላዩ ላይ ጡብ ደረደረ። አምፖሉንና ሶኬቱን ገጠመ። የቀረው ገመዱን ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት ብቻ ነበር። መገናኛዋ ሳጥን ያለችው ደግሞ ውጭ ነው፣ እኔ ከምቀመጥበት ወንበር በግድግዳው ማዶ።

በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ብሬከሩን አውርድልኝ።»

የቤቱን መብራት የሚያጠፋው ብሬከር ከራስጌዬ ነው የተገጠመው፤ ተነስቼ እጄን ብዘረጋ ይበቃ ነበር።

«ዜናውን ልጨርስና አወርደዋለሁ።»

«አንተ ካልሰማኸው ዜናው ይቀራል?»

«ቀስ በሉ ባዩ፣ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?»

ሳቀ። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለ።

ዜናው ሳያልቅ ሬዲዮው ዝም አለ። ብሬከሩን አልነካሁትም፤ እንደ ልማዱ የሰፈሩ መብራት ነው የሄደው። ለብቻዬ ሳጉረመርም፣ ወንድሜ ሬዲዮው መቆሙን ከማዶ ሰምቶ ኖሮ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል» አልኩ።

እሱ የጠየቀኝ «አጠፋኸው ወይ?» ብሎ ነው። እኔ የመለስኩለት «መብራት ሄዷል» ብዬ ነው። ደግሞ ጥንቁቅ ነውና መብራት መኖሩን በሚያሳየው ቴስተር ሽቦውን ነካው፤ ቴስተሩ አልበራም። ቴስተሩም እንደ እኔ አልዋሸም።

«ዛሬስ ታዘዝክልኝ» አለ ከማዶ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው መናገር ጀመረ። ደስ አለኝ፣ ልጆቼ። ይሄን ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ደስ አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ «መጣልን እኮ» አልኩት። ፒንሳው ጡብ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

«ቀስ በል እንጂ» አልኩት።

ዜና አንባቢው ስለ ዝናብ ያወራ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ነው የተነሳሁት።

ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ብሎህ ነበር፣ ጋሼ?»

«ጠፍቷል ወይ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ጠፍቷል።»

«እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው» አለች። ልትምረኝ ብላ ይሁን፣ እውነት ሆኖባት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ገመዱ ጫፉ ተገሽልጦ ከግድግዳው ሥር ከረመ። በኋላ የወንድሜን ባልደረባ ጠርታ፣ «የጀመረው ሳያልቅ አይቅር» አለችው። ሰውዬው በዚያው መስኮት ብቅ አለ።

«አባባ፣ ጠፍቷል?»

ቃሏ ከአፌ አልወጣ አለች።

«አውርጄዋለሁ» አልኩት። «እጄ ላዩ ላይ ነው።»

«ይቀመጡ እንጂ፣ ይደክምዎታል።»

አልተቀመጥኩም። «ጨርሻለሁ» ሲለኝም አላመንኩትም። በበሩ ገብቶ ሁለት እጆቹን አሳየኝ፤ ያኔ ለቀቅኩት። ብሬከሩን መልሳ ያነሳችው የወንድሜ ሚስት ናት፤ እኔ አልቻልኩም።

ከጓሮ የመኪናው ድምፅ መጣ። እዚህ ወንበር ድረስ አይሰማም ተብሎ ነበር። ይሰማኛል።