ሙሚና ከውድድር ስትመለስ

ሙሚና ቃሲም ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች እግሯን ከኋላ አዙራ ጭንቅላቷን ማስነካት ትችል ነበር። የሸዋ ሮቢት ልጆች «አጥንት የለሽ» ይሏታል። የስፖርት መምህሩ ገብረሚካኤል ግን ነገሩን በዋዛ አላየውም። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ጂምናስቲክ የሚያሳዩ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ይላኩ ሲባል፣ መጀመሪያ የሄደው እነሙሚና ቤት ነበር።

እናቷ አሲያ አልወደደችውም።

«ሴት ልጅ እግሯን ገልጣ ሕዝብ ፊት? ወላሂ አይሆንም!»

አባቷ ቃሲም ግን ማሳውን አይቷል። ክረምቱ ገብቶ ዝናብ የለም፤ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። «እዚያ ያበሏታል» አላት ሚስቱን። «አንድ አፍ ከተቀነሰልን ለሳፊያ ይተርፋል።»

ሳፊያ የሙሚና ታናሽ እህት ናት። ሙሚና አዝላ ያሳደገቻት፣ ስትተኛም አንገቷን አቅፋ የምትተኛ ልጅ። መኪናው ብርዳሙን የጣርማ በር ተራራ ሲያቋርጥ ሙሚና ከብርዱ ይልቅ የእሷ ነገር አስለቀሳት።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ልጆቹ ሁሉ ወደየአገራቸው ሲመለሱ ሙሚና ቀረች። ራድካ የምትባል ቡልጋሪያዊት አሰልጣኝ ለውጭ አገር ውድድር የሚሆኑ ልጆች ስትመርጥ የሙሚናን ክንድ አነሳች፤ ጎኗን ዳሰሰች፤ ፈገግ ብላም አንድ ነገር ተናገረች።

«ሰውነቷ ለዚህ ስፖርት የተፈጠረ ነው ትላለች» አለ አስተርጓሚው። «እንዲህ ያለ ቀጭን ልጅ አይታ አታውቅም።»

ቅጥነቷ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም።

ጂምናስቲኩ ከሚሠራባቸው ዕቃዎች፣ ከቀለበቱም ከኳሱም ይልቅ፣ ሙሚና የወደደችው ሪባኑን ነው፤ ከአጭር ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረ ረጅም ቀይ ጨርቅ። አየር ላይ ሲጠማዘዝ መሬት ማረፍ፣ መቋጠር የለበትም። ቶሎ ለመደችው። ምግብም አገኘች፤ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት። ፊቷ ሞላ። ያኔ ራድካ ሚዛን ላይ አቆመቻትና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ተከለከለች። ከረሃብ ሸሽታ መጥታ፣ ዳቦ በተከመረበት ቤት ተራበች።

ጥር ላይ ቃሲም አዲስ አበባ መጣ። የመጣው ሳፊያ መሞቷን ሊነግራት ነው። ልጅቷ ረሃቡ አድክሟት ተቅማጥ ሲይዛት አልቻለችም። ሙሚናን ከማግኘቱ በፊት ግን የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ለማ ቢሮው አስገብቶ አነጋገረው።

«ውድድሩ ደርሷል» አለው። «አሁን ከሰማች አበቃላት። የምታዋርደው ደግሞ ራሷን ብቻ አይደለም፤ አገሯን ነው።»

«እህቷ እኮ ናት፣ ጓድ። ሳታለቅስላት?»

«ስትመለስ ራስዎ ይነግሯታል። እናንተም አትጎዱም፤ የእርዳታ ስንዴ ቤታችሁ ድረስ እንዲመጣ አደርጋለሁ።»

ቃሲም አሲያን አሰበ። ከተኛችበት ለመነሳት ግድግዳ ትይዝ ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ፤ ለማም ይህን እሺታ አደረገው።

ሙሚና እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ! ሳፊያስ? አደገች?»

«ደህና ናት» አለ ቃሲም ጫማዋን እያየ። «አልሐምዱሊላህ።»

«ስሜን ትጠራለች?»

«ትጠራለች።»

ከልብሷ ሥር የደበቀችውን ዳቦ አውጥታ ሰጠችው። ሌሎቹ ልጆች ያካፈሏት ነው። «ለእሷ ብቻ ስጣት፤ እንዳትበሉባት!» ብላ ሳቀች። ቃሲም ዳቦውን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ ወጣ። በሩን እንዳለፈ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

መጋቢት ላይ ሙሚና ቡልጋሪያ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ቀለበቱ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ፤ ከሁሉም መጨረሻ ሆነች። በማግስቱ በሪባን ተወዳደረች። ሙዚቃው ሲጀምር ሳፊያን የምታጫውት መሰላት፤ ፍርሃቷ ለቀቃት። ሦስተኛ ወጣች። አንገቷ ላይ ነሐስ ሜዳሊያ ሲያጠልቁላት አዳራሹ አጨበጨበ። ማታ የግብዣው ጠረጴዛ ላይ ከነበረው ሁሉ የነካችው አንድ ቸኮላት ነው፤ እሱንም ለሳፊያ ሸሸገችው።

ሸዋ ሮቢት ስትገባ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ የቀበሌው ኪነት እየዘፈነ ጠበቃት። ቸኮላቱን እንደያዘች ከሕዝቡ ሾልካ ወደ ቤት ሮጠች። አሲያ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። አልተነሳችላትም።

«እማ፣ ሳፊያ የት ናት?»

አሲያ ቀና ብላ አየቻት። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳፊያን ነዋ የምጠይቅሽ! ተኝታ ነው?»

አሲያ ሙሚናን ተከትሎ ወደመጣው ባሏ ዞረች። «ነግሬያታለሁ አላልከኝም? አልቅሳ አልቅሳ ወጣላት አላልከኝም?»

ቃሲም አንገቱን ደፋ። ሙሚና ማንም ሳይነግራት ገባት። ጮኸች። አሲያ ተነስታ አቀፈቻት።

«እኔ ደግሞ እህቷ ሞታ ለጭፈራ ሄደች ብዬ» አለቻት እያለቀሰች። «በዱዓዬ ሁሉ ስረግምሽ ከረምኩ፣ ልጄ። ስረግምሽ!»

«ብነግራት ስንዴውን አይሰጡንም ነበር» አለ ቃሲም። «አንቺም አትተርፊም ነበር።»

አሲያ የስንዴውን ምክንያት ያን ጊዜ ሰማች። «እንግዲያ የልጄን እንባ ነው ስበላ የከረምኩት» አለች። ከዚያ ወዲያ ከባሏ ጋር ብዙ አልተነጋገሩም።

ሙሚና ከእናቷ ጋር ወደ መቃብሩ ሄደች። ገና ሣር ያልበቀለበት ትንሽ ክምር አፈር ነበር። ቃሲም ራቅ ብሎ ተከተላቸው፤ ና ያለው ግን አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ ጓድ ለማ ሊወስዳት መጣ። ሌላ ውድድር አለ። አሲያ «አትሄድም!» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሙሚና የእናቷን የከሳ እጅ ያዘች፤ ከዚያም ወደ ለማ ዞረች።

«ስንዴው ይቀጥላል?»

ለማ ከልጅ አፍ አልጠበቀውም። «ይቀጥላል» አለ ዓይኑን ሰብሮ።

«እሄዳለሁ።»

ቃሲም ሊሰናበታት ወደ መኪናው ተጠጋ። ሙሚና መስኮቱን ዘጋች።

በዓመቱ ሃንጋሪ ላይ ሁለተኛ ወጣች። ሬዲዮ ስሟን ሲጠራ ቃሲም ከጎረቤቶቹ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር። ሰዎቹ «እንኳን ደስ አለህ!» እያሉ እጁን ሊጨብጡት ሲነሱ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።