ሳይቀላ አይጎተትም

ደግሞ ይኼ የእቶኑ ሽቦ እንደ ጠዋቱ ቀጭ ቢልባትስ፣ ጠዋት ማን ቸኩዪ አላት፣ በቀዝቃዛው ጎትታ ጣት የሚያህል አሳጠረችው፣ አንዴ እቶን ውስጥ የነደደ ሽቦ ሳይቀላ አይጎተትም፣ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ነገር እኮ ነው፣ እና ረሳችው። ደደብ። የጋዙን ነበልባል ታስጠጋለች፣ በጡቡ ቦይ ውስጥ የተኛው ጥቅልል ቀስ እያለ ይቀላል። ነቅለሻል? ይላሉ አባቷ ከበርጩማቸው። ነቅያለሁ አባባ። ሶኬቱን ነው የምልሽ። ሶኬቱን ነው የነቀልኩት አባባ። ይጠይቁ፣ መቶ ጊዜም ይጠይቁ፣ ቀኝ ጎናቸው የተያዘ ሰሞን ድምፃቸውም አብሮ ጠፍቶ በዓይናቸው ብቻ ነበር የሚቆጧት፣ ቁጣቸው እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ መች አስባ።

መደርደሪያው ላይ ኩባያው። ገና ጥሬ ጭቃ፣ እጃቸው ሊያዝ ዋዜማውን የሠሩት፣ ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ጭቃ አልነካም፣ ከእንግዲህም አይነካም አለ ሐኪሙ፣ እዚያው ፊታቸው፣ እንደ ዋዛ። ከእጀታው ሥር አውራ ጣታቸው ያረፈበት ሰርጎ ይታያል። ካልተተኮሰ ውሃ አይይዝም፣ አንድ ቀን የሆነ ሰው በክርኑ ይነካውና አፈር ይሆናል፣ እቶኑ ደግሞ አርጅቷል፣ የሱን ሽቦ የሚሸጥ የለም፣ ያለው ይኸው ነው፣ እባክህ ብሎኑ ጋ ድረስ፣ ትንሽ ነው የቀረህ፣ ሳቢው እንጂ አትጎትቺው ይላሉ አባባ፣ አሁን ሁለቱን ምን ይለያቸዋል፣ ለሳቸው ይለያቸዋል፣ እሺ ትስባለች፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ደረሰ።

ብሎኑን ታጠብቃለች፣ ኩባያውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ይዛ ታስገባዋለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ሶኬቱን ትሰካለች።

አባባ በግራቸው ደግፈው ቀኝ መዳፋቸውን ወደ በሩ ቀዳዳ ያስጠጋሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን እቶን የሚሞክሩት በሱ ነው። ሞቋል፣ ይላሉ። እሳት ቢነካው የማይሰማው እጅ። መዳፏን ከጎኑ ታደርጋለች። ቀዝቃዛ። አልሠራም ማለት ነው፣ ምን ትበላቸው፣ ሞቋል አባባ፣ ትላለች፣ ዓይኗ ይሞላል፣ አላልኩሽም ይላሉ፣ እጃቸውን አያነሱም፣ እሷም አታነሳም፣ መጀመሪያ ትንፋሽ የሚያህል ሙቀት መዳፏ ላይ ይደርሳል፣ ቀጥሎ እርግጥ ይሆናል፣ እና የሳቸውን እጅ ቀስ አድርጋ ይዛ ትንሽ ታርቀዋለች፣ እንዳያቃጥላቸው።