ንጉሡ ሳይጠመቅ እኔ ምን ቤት ነኝ

ዲያቆኑ «ያልተጠመቃችሁ ውጡ» ባለ ቁጥር የትሩፌና ቆሽት ያርራል። ለሌላው ሰው በየእሁዱ የሚሰማ ተራ ነገር ነው፤ ለእሷ ግን ስድብ ነበር። ጌታዋ አልኪሞስ፣ የፕሬኔቶስን ወደብ ግማሽ ጀልባ የያዘው የዓሣ ነጋዴ፣ ካባውን ሰብስቦ ካልተጠመቁት ጓደኞቹ ጋር እየተሳሳቀ ወደ ግቢው ይወጣል። ባሪያው ትሩፌና ውስጥ ቀርታ ትቆርባለች። ሲያበቃ ደግሞ ወጥታ የገበያውን ቅርጫት ትሸከምና ከኋላው ትከተለዋለች። እንዲህ ያለ ነገር የት አገር አለ?

እሷ የተጠመቀችው ክርስቲያን መሆን አንገት ያስቆርጥ በነበረበት ዘመን ነው፤ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ከከተማ ውጭ ወንዝ ውስጥ፣ ተደብቃ። ያኔ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው አልነበረም። ቆስጠንጢኖስ ነግሦ ስደቱ ከቆመ፣ ቤተ ክርስቲያንም በአደባባይ ከተሠራ በኋላ ግን ሰዉ ቀጠሮ ለመደ። ጥምቀት የቀደመውን ኃጢአት ሁሉ ያጥባል አይደል? ታዲያ ምን አስቸኮለህ፤ ብላ፣ ጠጣ፣ ሚዛን ቀሽብ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ታጥበህ ትሄዳለህ። ብልጠት መሆኑ ነው።

ይህ ትሩፌናን ምን አገባት? አገባት እንጂ። ጌታ ባሪያውን በቤተ ክርስቲያን፣ በጳጳሱና በሕዝቡ ፊት ነፃ ማውጣት እንደሚችል ንጉሡ ባወጀ ሰሞን፣ አልኪሞስ ከሰው መካከል ብቅ ብሎ «በተጠመቅሁ ቀን፣ ነጩን ልብሴን እንደለበስኩ፣ ትሩፌናን እዚሁ ነፃ አወጣታለሁ» ብሎ ተሳለ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ሴቶቹ እሷን አቅፈው ሳሟት። ያኔ ፀጉሯ ጥቁር ነበር።

«ጌታዬ፣ ፋሲካ እየደረሰ ነው» ትለዋለች፣ የተሰነጠቀ ዓሣ ላይ ጨው እየነሰነሰች።

«ይድረስ።»

«ዘንድሮ አይጠመቁም?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ንጉሡ ተጠምቋል?»

«አልተጠመቀም።»

«መስቀል አስይዞ የሚዘምት፣ ጳጳሳትን ከማዕዱ የሚያስቀምጥ ሰውዬ ነው። እሱ ሳይጠመቅ እኔ ምን ቤት ነኝ? ልቅደመው? ድፍረት አይሆንም?»

«እግዜር ደግሞ በማዕረግ ነው እንዴ የሚያጥበው?»

«ነጋዴ ነኝ ትሩፌና። ውዬ ካደርኩ መዋሸቴ አይቀርም። ዛሬ ታጥቤ ነገ ልቆሽሽ? ይልቅ ያንን ጋን ክደኚው።»

እንዲህ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨዋታ ይወዳል፣ መትቷትም አያውቅም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ትረግመው ነበር፤ ሳቂታ ሰው እንዴት ይረገማል? እሷ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ትጠይቃለች፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በዚህ መሀል ፀጉሯ ነጣ፣ ጣቶቿ በጨው ተበሉ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጁ ጎርጎንዮስም ጢም አወጣ።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ አልፎ፣ ንጉሡ ታመመና ሊታከምበት ሄዶ ከነበረው ፍል ውኃ ወደ ኒቆምድያ ከተማ ሲወስዱት በፕሬኔቶስ በኩል አለፈ። ከሠረገላው መጋረጃ በቀር ያየ የለም። ብዙም ሳይቆይ «ሊጠመቅ ነው» የሚል ወሬ መጣና ከተማው ታመሰ። ጳጳሱ፣ ቀሳውስቱ፣ ዲያቆናቱ፣ ማንም ሳይቀር በባሕር ወደ ኒቆምድያ ሊያዩ ሄዱ። አልኪሞስ ነበር ጀልባዎቹን ሁሉ የሰጣቸው። ወደቡ ላይ ቆሞ እጁን እያውለበለበ ሸኛቸው።

«እንግዲህ እሱ ከተጠመቀ እኔም ምን ቀረኝ» አላት ሲመለስ። «ምናልባት ለከርሞ።»

ትሩፌና «ምናልባት»ን ስትሰማ የጋኑን ክዳን ድው አድርጋ ገጠመችው።

በማግሥቱ አልኪሞስ ምሳ እየበላ ሳለ ግማሽ ጎኑ ከዳው። አፉ ተጣመመ፣ ዳቦው ከእጁ ወደቀ። «ቄስ» አለ በግድ። ዓይኑ የሚያየው ትሩፌናን ነበር።

ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ዳገት። የምሮጠው ለነፍሱ ነው ወይስ ለራሴ ብላ አሰበች፤ መልሱን ስላልወደደችው ሩጫዋን ቀጠለች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዘበኛው ብቻውን ተቀምጦ ወይራ ይበላል።

«ቄስ አለ?»

«የለም።»

«ዲያቆንስ? አንድ እንኳ?»

«እትዬ ትሩፌና፣ ንጉሥ ሲጠመቅ ማን እዚህ ይቀራል? በጌታሽ ጀልባ አይደል እንዴ የሄዱት?»

ወደብ ወረደች፤ የሚያሻግራት ጀልባ አልነበረም። ስትመለስ አልኪሞስ ሞቷል። ሳቂታው ሰውዬ የዕድሜ ልክ ውሸቱን እንደተሸከመ ሄደ። አለቀሰችለት፤ እያለቀሰችም ማልቀሷ አናደዳት።

ከቀብሩ በኋላ ጎርጎንዮስ ጓዳ ድረስ መጥቶ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት።

«እትዬ ትሩፌና፣ አይዞሽ። የአባቴ ስለት የእኔም ስለት ነው። በተጠመቅሁ ቀን ነፃ ነሽ።»

«መቼ ነው የምትጠመቀው?»

«ኧረ እኔ ገና ልጅ አይደለሁ እንዴ? እንደ ንጉሡ፣ መጨረሻ ላይ። ተጠምቆ ወዲያው ሞተ አሉ፤ ምንኛ መታደል ነው።»

ቀና ብላ አየችው። አንገቱ ወፍራም፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። እሷን ቀብሮ ገና ብዙ ይኖራል። ሆዷ ቆረጠ።

ካህናቱ በተመለሱበት እሁድ ዲያቆኑ «ያልተጠመቃችሁ ውጡ» አለ። ጎርጎንዮስ ልክ እንደ አባቱ ካባውን ሰበሰበ። ትሩፌና ከሴቶቹ ወገን ወጥታ በሩ ላይ ደረሰችበትና የካባውን ጫፍ ጨበጠች።

«ይሄ አይወጣም» አለች።

«እትዬ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየና። አንተንም ካባህንም ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ዲያቆኑ የሚያደርገው ጠፋው። ሽማግሌው ጳጳስ በትራቸውን ተደግፈው መጡና ጉዳዩን ጠየቁ። ነገረቻቸው። ስለቱን አልረሱትም፤ ያኔ ካጨበጨቡት አንዱ ነበሩ።

«ታዲያ ነፃነቷን ከጥምቀት ጋር ማን አሰረው?» አሉ።

«አባቱ» አለች ትሩፌና።

«የንጉሡ ሕግ እንዲህ አይልም። ጌታው ተጠመቀ አልተጠመቀ፣ እዚህ ቆሞ በእኛ ፊት ቃሉን ከሰጠ በቃ።»

«ያኔም እንዲሁ ነበር?»

«ያኔም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ጳጳሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ስለቱ ደስ ብሎን ነበር» አሉ። «አንቺም አልጠየቅሽንም።»

ጎርጎንዮስ ግቢውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ የተጨበጠ ካባውን አየ።

«ነፃ ነች» አለ በለሆሳስ።

«ይሰማ እንጂ» አሉ ጳጳሱ።

«ነፃ ነች።»

ሕዝቡ ዛሬም አጨበጨበ። ሴቶቹ ሊያቅፏት ተንጋጉ። ትሩፌና ግን ካባውን ገና አልለቀቀችም።

«ይህችው ናት?» አለች። «ይህችን ለማለት ነው ዕድሜዬን የፈጃችሁት?»

ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠራረገና «ያልተጠመቃችሁ ውጡ» አለ እንደገና። ያኔ ለቀቀችው። እንባዋ እየወረደ ቆረበች፤ የደስታ ነው ብለው ያጽናኗትን ሴቶች አላረመቻቸውም።

ቅዳሴው አልቆ ስትወጣ ጎርጎንዮስ ግቢው ውስጥ ቅርጫቱ አጠገብ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ክፋት አልነበረውም።

«እትዬ፣ ቅርጫቱ» አላት።

«ራስህ ተሸከመው» አለችው ሳትቆም። «ገና ልጅ አይደለህ እንዴ?»